አደራውን የበላ ሞግዚት

በእኛ አገር ከሌባ ይልቅ አደራ በላ ይነወራል። ሌባ የሚወስደው ባለቤቱ ሳያየው ነው። አደራ በላ ግን ባለቤቱ አምኖ፣ «የሰማይ የምድር አደራ» ብሎ በእጁ ያስረከበውን ይበላል። ሌባ እንዳይገባ በር ይዘጋል፤ አደራ በላ ግን በሩ ተከፍቶለት፣ ወንበር ተስቦለት የገባ ሰው ነው። ጥፋቱም ንብረት በማጉደል አያበቃም፤ ሰው ሰውን የሚያምንበትን ገመድ ይበጥሳል።

ዛሬ የምገሥጸው ይህንን ጥፋት ነው። የተፈጸመው ከእኛ እጅግ ርቆ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት በማርሻል ደሴቶች ነው። የፈጸሙት ሽፍቶች አይደሉም። ማኅተም ያረፈበት ሰነድ ፈርመው፣ በዓለም መንግሥታት ፊት ቆመው «እንጠብቃቸዋለን» ያሉ ናቸው። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እነዚህ ደሴቶች በአብዛኛው አቶል የሚባሉ ናቸው። አቶል በሰፊው ውቅያኖስ ላይ እንደ ቀለበት የተዘረጋ፣ ኮራል የሠራው ጠባብ መሬት ነው፤ በቀለበቱ ውስጥ ጸጥ ያለ ባሕር ይተኛል። ሕዝቡ በዚያ ጠባብ መሬት ላይ ኮኮናትና ፓንዳነስ እየለቀመ፣ በሸራ ታንኳ ወጥቶ ዓሣ እያጠመደ ለብዙ ትውልድ ኖሯል። መሬቱ ጥቂት ስለሆነ ባለቤት የሌላት ስንዝር የለችም። ርስት ናት፤ የአባት መቃብር ናት፤ የቤተሰብ ስም ናት።

ታላላቆቹ ይህን መሬት ሲቀባበሉ ባለቤቱን የጠየቀ አልነበረም። በ1914 ጃፓን ከጀርመን ነጠቀችው። ቀጥሎ የመንግሥታት ማኅበር የሕዝቡን ደኅንነት እንድትጠብቅና የጦር ምሽግ እንዳትሠራበት አስጠንቅቆ በአደራ ሰጣት። ጃፓን ያንን የመጀመሪያውን አደራ በላች፤ በኮራሉ ላይ የጦር አውሮፕላን ማረፊያና የመድፍ ምሽግ ሠራችበት። የምሽጉን ዕዳ የከፈለው የደሴቱ ሰው ነው። በኖቬምበር 1943 በጎረቤት ጊልበርት ደሴቶች፣ በታራዋ አቶል፣ በሦስት ቀን ውጊያ 1,000 ገደማ አሜሪካውያንና ከ4,000 በላይ ጃፓናውያንና ኮሪያውያን ረገፉ። በ1944 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ክዋጃሌን፣ ከዚያም ወደ ኢኒዌቶክ አቶል ተሻገረ። ከመርከብና ከአውሮፕላን የወረደው ናዳ ዛፉን ሁሉ መነጠረው። ናዳው የአገሬውን ሰው ከወታደር አልለየም። ጦርነቱ የእነርሱ አልነበረም፤ ሜዳው ግን የእነርሱ ጓሮ ነበር።

የጃፓን አገዛዝ ሲወገድ ሕዝቡ አሜሪካውያንን እንደ ነፃ አውጪ ተቀበለ። በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

በፌብሩዋሪ 1946፣ አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ የደሴቶቹ ወታደራዊ አስተዳዳሪ የነበረው ኮሞዶር ቤን ዋያት የቢኪኒ አቶልን ሕዝብ ሰበሰበ። ሕዝቡ በጠቅላላ 167 ነበር። ክርስቲያን ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይወዳል፤ መዝሙር ይዘምራል። መኮንኑም ይህን አውቆ በእምነታቸው በኩል ገባ። እግዚአብሔር ከጠላት አውጥቶ ወደ ተስፋይቱ ምድር ከመራቸው ከእስራኤል ልጆች ጋር አመሳሰላቸው። ለሰው ልጅ ሁሉ ጥቅምና የዓለም ጦርነት ሁሉ እንዲቀር ሲባል አገራቸውን ለጊዜው እንዲለቁ ጠየቃቸው። አለቃቸው ጁዳ ከሕዝቡ ጋር ከተማከረ በኋላ ሁሉ ነገር በእግዚአብሔር እጅ ነው ሲል መለሰ። ስብሰባው ለካሜራ እንዲመች እንደገና ተደርጎ ተቀረጸ።

ቢኪኒ የተመረጠችው ግን ከዚያ እሑድ በፊት፣ በዋሽንግተን ነው። የጦር መርከብ ተሰልፎ፣ ቀን ተቆርጦ ካበቃ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። የተቆረጠን ነገር ምክር አስመስሎ ማቅረብ አንድ በደል ነው። የእግዚአብሔርን ቃል የሰው ርስት መንቀያ ማድረግ ግን ከዚያ የከፋ በደል ነው። የእስራኤል ልጆች ከባርነት ወደ ርስት ወጡ፤ የቢኪኒ ልጆች ከርስት ወደ ርሃብ ተወሰዱ። ኮሞዶሩ መጽሐፉን መግለጥ ካስፈለገው የናቡቴን ታሪክ ባነበበ ነበር። አክዓብ ሰፊ ግዛት ሳለው የአንድ ሰው የወይን ቦታ አማረው። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አልሰጥም ባለ ጊዜ ኤልዛቤል ጾም አሳውጃ፣ ሸንጎ አስቀምጣ፣ በአምላክ ስም አስወገረችው። ቅሚያ የአምልኮ ልብስ ሲለብስ እንዲህ ነው። ለናቡቴ ግን ኤልያስ ተልኮለት ነበር፤ በቢኪኒ በኩል ንጉሡን በወይኑ ቦታ መካከል አስቁሞ የጠየቀ አልተገኘም።

በማርች 1946 ወደ ሮንጌሪክ ተወሰዱ። ሮንጌሪክ መሬቱ ያነሰ፣ ፍሬው የማይበቃ፣ ሰው ያልኖረበት አቶል ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በርሃብ ከሱ። ከዚያ ነቅለው በክዋጃሌን ድንኳን ውስጥ፣ በ1948 መጨረሻ ደግሞ በኪሊ አሰፈሯቸው። ኪሊ ቀለበት የሌላት ነጠላ ደሴት ናት። ጸጥ ያለ የውስጥ ባሕር የላትም፤ ማዕበሉ ለብዙ ወራት ታንኳ አያስወጣም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ዓሣ አጥማጁ ሕዝብ በውቅያኖስ ተከቦ ዓሣ አጣ፤ በመርከብ የሚመጣ ሩዝና ቆርቆሮ የሚጠብቅ ተረጂ ሆነ። በዲሴምበር 1947 የኢኒዌቶክም ሕዝብ ተነቅሎ ወደ ኡጄላንግ አቶል ተጋዘ፤ አገሩን ተመልሶ የረገጠው በ1980 ነው። «ለጊዜው» የተባለው ይህ ነው።

አሁን ወደ ሰነዱ እንምጣ። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እነዚህን ደሴቶች በሞግዚትነት ለአሜሪካ አስረከበ። በውሉ ውስጥ አሜሪካ ሕዝቡን መሬቱንና ሀብቱን እንዳያጣ ልትጠብቀው፣ ጤናውንም ልትጠብቅ ግዴታ ገባች። ይህ የእኔ ትርጓሜ አይደለም፤ የፈረመችው ቃል ነው። ያ ብዕር ወረቀቱን ሲነካ የቢኪኒ ሰዎች በሮንጌሪክ እየተራቡ ነበር። ከ1946 እስከ 1958 በእነዚህ ደሴቶች 67 የኑክሌር ቦምቦች ፈነዱ። ኃይላቸው ሲደመር 108 ሜጋቶን ይሆናል። በእነዚያ 12 ዓመታት ላይ ቢከፋፈል፣ በየቀኑ ሂሮሺማን ካጠፋው ቦምብ አንድ ተኩል ያህል መጣል ማለት ነው። በኖቬምበር 1952 ኤሉጌላብ የተባለች የኢኒዌቶክ ደሴት በአንድ ፍንዳታ ከምድር ገጽ ጠፋች። የሰውን ርስት ለመጠበቅ የማለ ሞግዚት ርስቱን ከካርታ ላይ ፋቀው።

ከሁሉ የከፋው ቀን ማርች 1 ቀን 1954 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ የዓድዋ በዓል ዋዜማ። ንጋት ላይ ብራቮ የተባለው የሃይድሮጂን ቦምብ በቢኪኒ ፈነዳ። የሠሩት ሊቃውንት 6 ሜጋቶን ገደማ ይሆናል ብለው ገምተው ነበር፤ 15 ሆነ። ይህም የሂሮሺማን አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ነው። የተፈጨው ኮራል ጨረር ተሸክሞ ወደ ሰማይ ወጣና ወደ ምሥራቅ ነጎደ። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሮንጌላፕ ላይ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነጭ ዱቄት ዘነበ። ልጆች ተጫወቱበት። በምግቡና በመጠጥ ውሃው ላይ ወረደ። ማታ ላይ ማስመለስ፣ ማሳከክ፣ የቆዳ ቃጠሎ ጀመረ፤ ከቀናት በኋላ የልጆች ፀጉር በእፍኝ ተነቀለ። በሮንጌሪክ የነበሩት 28 የአሜሪካ ወታደሮች በማግስቱ ሲነሡ የሮንጌላፕ ሰዎች እስከ ሦስተኛው ቀን በዱቄቱ ውስጥ ቆዩ። ኡትሪክ በተባለው አቶል የነበሩት ሰዎች ደግሞ ከእነርሱም በኋላ ነው የተነሡት። በአካባቢው ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ 23 ጃፓናውያንም አመዱ ወረደባቸው፤ የመርከቧ የሬዲዮ ሠራተኛ አይኪቺ ኩቦያማ በዚያው ዓመት ሞተ።

አሜሪካውያኑ «ነፋሱ ዞረብን» አሉ። አያ ጅቦ ሳታመሃኝ ብላኝ! በዋዜማው እኩለ ሌሊት በቀረበው የአየር ጠባይ ዘገባ የነፋሱ ሁኔታ መክፋቱ ተነግሯቸዋል፤ ተኩሱን ግን አልሰረዙም። ደግሞም በ1946 የመጀመሪያዎቹን፣ እጅግ ያነሱትን ቦምቦች ሲሞክሩ የሮንጌላፕን ሕዝብ አስቀድመው ወደ ሌላ አቶል አሽሽተውት ነበር። አደጋውን ያወቀ፣ መንገዱን የሚያውቅ፣ መርከቡም ያለው ሰው በትንሹ ቦምብ ጊዜ አሽሽቶ በትልቁ ጊዜ ከተወ ጥፋተኛው ነፋሱ አይደለም። ነፋስ ቃል አልገባም፤ ውልም አልፈረመም። ቃል የገባኸው አንተ ነህ።

ስሕተት ነበር ብንል እንኳ ከስሕተት በኋላ የሚሠራው ሥራ የሰውን ልብ ይገልጣል። የሮንጌላፕ ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ጨረር በሰው ልጅ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለመመርመር በተነደፈ ምስጢራዊ ጥናት ውስጥ ገቡ፤ ፕሮጀክት 4.1 ይባል ነበር። በ1956 በአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አማካሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ፣ እነዚህ ሰዎች እንደ ሠለጠኑት ምዕራባውያን ባይኖሩም ከአይጥ ይልቅ ለእኛ ይቀርባሉ ብሎ ተናገረ፤ ቃሉም በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ። በ1957 አገራችሁ ደኅና ሆኗል ተብለው ወደ ሮንጌላፕ ተመለሱ። በዚያ መኖራቸው ለሳይንስ እጅግ ጠቃሚ መረጃ እንደሚሰጥ በጥናቱ ሊቃውንት ተጻፈ። ሐኪሞች በየዓመቱ እየመጡ ደም ቀዱ፣ ሽንት ለኩ። በብራቮ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች ከነበሩት የሮንጌላፕ ሕፃናት አብዛኞቹ የታይሮይድ ዕጢ በሽታ ያዛቸው። የአገሩ አለቃ የጆን አንጃይን ልጅ በዚያ ቀን የአንድ ዓመት ሕፃን ነበር፤ በ1972 በ19 ዓመቱ በደም ካንሰር ሞተ። እናቶች መልክ የሌላቸው፣ አጥንት የሌላቸው ልጆች ወልደው መቅበራቸውን መሰከሩ።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚል አነጋገር አለን። እንጨት የሰደደውን እንገሥጻለን፤ ቁስሉን ፈጥሮ፣ እንጨቱን ሰድዶ፣ ጥልቀቱን ለክቶ በመዝገብ የሚጽፈውን ግን ምን እንበለው? እናንተ ሊቃውንት፣ ዕውቀት ከእግዚአብሔር የተሰጠ ብርሃን ነው። ብርሃኑን ይዞ በበሽተኛ ደጅ የሚቆም፣ የሚያክም ሳይሆን የሚቆጥር ሰው በብርሃን ያጠፋ ነው። በጨለማ ከሚያጠፋው ይልቅ ፍርዱ ይከብዳል።

የደሴቶቹ ሰዎች አልጮኹም እንዳይባል ጮኸዋል። ብራቮ በፈነዳ በሁለተኛው ወር፣ በአፕሪል 1954፣ ለተባበሩት መንግሥታት የሞግዚት ምክር ቤት አቤቱታ ላኩ። መሬት ለእነርሱ እህል የሚበቅልበትና ሬሳ የሚያርፍበት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሕይወታቸው እንደሆነ፣ መሬታቸው ሲወሰድ ነፍሳቸውም አብራ እንደምትሄድ በጨዋ ቃል አስረዱ። ርስት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ትርጉም አያስፈልገውም። አቤቱታው ተነበበ። ጥንቃቄ ይደረግ ተባለ። ከዚያም በኋላ ከ50 በላይ ቦምቦች ፈነዱባቸው። ሞግዚቱ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ሳለ ከሳሹን ከሚሰሙት ዳኞችም አንዱ ነበር።

የቢኪኒ ሰዎችም በ1968 አገራችሁ ነጽቷል ተባሉ። ጥቂት ቤተሰቦች አምነው ተመለሱ፤ ኮኮናት ተከሉ፤ ልጅ ወለዱ። ሲዝየም የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ግን በአፈሩ ውስጥ ነበር። ተክሉ እንደ ማዳበሪያ ይስበዋል፤ ፍሬውን የበላ ሰው በሥጋው ያከማቸዋል። በ1978 እንደገና ተነቅለው ወጡ። የሮንጌላፕ ሰዎችም ልጆቻቸው ሲታመሙ አይተው አንሡን ብለው ለመኑ፤ የሚሰማቸው ሲያጡ በሜይ 1985 የግሪንፒስ መርከብ ሬይንቦው ዋሪየር 300 ያህሉን፣ ቤታቸውን አፍርሰው እንጨቱን ጭነው፣ ወደ ሜጃቶ ደሴት አወጣቻቸው። በ1946 ለባሕር ኃይሉ የተገኘው መርከብ በ1985 ለሕሙማን አልተገኘም።

በኢኒዌቶክ፣ በሩኒት ደሴት ላይ ደግሞ አንድ የሲሚንቶ ጉልላት አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የተመረዘውን አፈር ሰብስበው በ1958 አንድ ቦምብ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ጨመሩና 46 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ሲሚንቶ ከደኑት። ከታች ምንም አላነጠፉለትም፤ የባሕሩ ውሃ ከሥር ይገባል፣ ይወጣል። ፕሉቶኒየም በአደገኛነቱ 24,000 ዓመት ቆይቶ ገና ግማሹ ነው የሚቀንሰው። ከላይ ተለስኖ ከታች ክፍት የሆነ መቃብር የዚህ ሁሉ ታሪክ ምስል ነው።

«ካሳ ከፍለናል» ይላሉ። በ1986 የጸናው የነፃ አጋርነት ስምምነት 150 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ለተጨማሪ ክስ በሩን ዘጋ። ያን ጊዜ የጉዳቱን ስፋት የሚያሳዩት ብዙ ሰነዶች በፈራሚው በአንዱ ወገን ካዝና ውስጥ በምስጢር ተቆልፈው ነበር፤ የደሴቶቹ ሰዎች ያገኟቸው በ1990ዎቹ ነው። የስምምነቱ የራሱ ችሎት ጉዳቱን መርምሮ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ፈረደ። ገንዘቡ አለቀ፤ ፍርዱ በወረቀት ቀረ። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታቸውን ለማየት ሳይቀበል ቀረ። ዕዳውን ራሱ መዝኖ፣ ሚዛኑን ራሱ ደብቆ፣ ከፈልኩ የሚል ሰው አልከፈለም።

ተግሣጹ ለአሜሪካ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ በ1957 እና በ1958 የሃይድሮጂን ቦምቧን በዛሬዋ ኪሪባቲ ደሴቶች ላይ ሞከረች። ፈረንሳይ ከ1960 እስከ 1966 በአልጄሪያ ሰሃራ 17 ጊዜ ካፈነዳች በኋላ ወደ ፓስፊክ ዞራ በሞሩሮዋና በፋንጋታውፋ እስከ 1996 ድረስ 193 ጊዜ አፈነዳች። አንዳቸውም በፓሪስ ወይም በለንደን አጠገብ አልሞከሩትም። የሁሉም ሰበብ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው የሚል ነው። የአደራ ሕግ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የአደራው ባለቤት ደካማ በሆነ መጠን የጠባቂው ግዴታ ይከብዳል። ናታን ለዳዊት የነገረው ብዙ በግ እያለው የደሃውን አንዲት ግልገል ስለቀማ ሰው ነበር። ደሃው ያለው አንድ ብቻ መሆኑ ክሱን አከበደው እንጂ አላቀለለውም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከመካከላችን ብዙው ሰው ቢኪኒ ሲባል የሚያውቀው የዋና ልብስ ነው። የመጀመሪያው ቦምብ በቢኪኒ በፈነዳ በአራተኛው ቀን፣ ጁላይ 5 ቀን 1946፣ በፓሪስ አንድ የልብስ ነዳፊ ለሥራው ስሙን ወሰደው፤ ዓለምም ተቀበለው። የሰዎቹ አገር ጠፍቶ ስማቸው ገበያ ወጣ። አለማወቃችን ይቅር ይባላል፤ ካወቅን በኋላ ዝምታችን ግን ይቅር አይባልም። ለጃፓን እነዚያን ደሴቶች አደራ የሰጠው የመንግሥታት ማኅበር ያው በ1936 በጄኔቫ አቤቱታችንን ሰምቶ ያልረዳን ማኅበር ነው። የታላላቆችን ውል አምኖ መከዳት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ያወቀ ሕዝብ ለሌላው ምስክር መሆን ይገባው ነበር። ጥቂት ሰዎች ለብዙዎች ጥቅም ሲባል ከርስታቸው ይነሡ ሲባል በሰማን ቁጥር፣ የትም ቢሆን፣ «ለመሆኑ እነርሱ ተጠይቀዋል? ወዴት ይሄዳሉ? የሚመለሱትስ መቼ ነው?» ብለን የማንጠይቅ ከሆነ ከኮሞዶሩ ጀርባ የቆምን ነን።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የማርሻል ደሴቶች በ2014 ዘጠኙን የኑክሌር ባለቤት መንግሥታት በሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ከእንግሊዝ ጋር የነበረው ክርክር ዳኞች 8 ለ8 ተከፍለው በፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ተጨማሪ ድምፅ ወደቀ። ክሱን ያስነሡት ቶኒ ደብሩም የብራቮን ብርሃን በዘጠኝ ዓመታቸው ከአያታቸው ጋር ዓሣ ሲያጠምዱ ያዩ ሰው ነበሩ። የጠየቁት ገንዘብ አልነበረም፤ ይህ በሌላ ሕዝብ ላይ እንዳይደርስ ነበር። በደሉ የደረሰበት ስለ ዓለም ሲማልድ በዳዩ ግን ዛሬም በክዋጃሌን ሚሳይል ይሞክራል።

የቢኪኒ ሰዎች በባንዲራቸው ላይ ጁዳ በዚያ እሑድ የመለሰውን ቃል ጽፈውታል፤ ሁሉ ነገር በእግዚአብሔር እጅ ነው። በብራቮ ለጠፉት ሦስት ደሴቶችም ሦስት ጥቁር ኮከቦች አኑረዋል። አደራ በላዎች ያን ቃል ሲሰሙ ስምምነት መሰላቸው። ስምምነት አልነበረም፤ ለምስክር መስጠት ነበር። አደራው የተሰጠው በዚያ እጅ ፊት ነው፤ የሚጠየቀውም በዚያ እጅ ፊት ነው። እናንተ ማኅተሙን ያኖራችሁ፣ ፍርዱን ክፈሉ፣ የቀረውን መዝገብ ክፈቱ፣ የሩኒትን መቃብር ጠግኑ። እኛም በየዓመቱ የካቲት 22፣ ለዓድዋ ስንዘጋጅ፣ ያ ቀን በማርሻል ደሴቶች የኑክሌር ሰለባዎች መታሰቢያ መሆኑን ለልጆቻችን እንንገር።